ገና ጊንጪ ሳትደርስ

ደረቅ አቧራ ላይ ውሃ ሲረጭ የሚወጣ ሽታ አለ። ዝናብ ሲጀምር ከሚሸተው ጋር ይቀራረባል፤ ግን አንድ አይደለም። የቤት ውስጡ ትንሽ አመድ አመድ፣ ትንሽ ላምባ ላምባ ይላል። ዛሬ ጠዋት ከታች ያለችው ባለሱቅ በረንዳዋን ልትጠርግ ውሃ ጠብ ጠብ ስታደርግ ያ ሽታ በመስኮት ገባና የማጥበው ብርጭቆ እጄ ላይ ቀረ። አንቺ ደግሞ ትናንት “ቤቴ አልጠራ አለኝ፤ የምታውቂውን ዘዴ ንገሪኝ” ብለሽኝ ነበር። የማውቀውን ልነግርሽ ነበር የተነሳሁት። ችግሩ የማውቀው ሁሉ የእናቴ መሆኑ ነው፤ እናቴን ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም።

እናቴ አምቦ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ወለል ስታጥብ ውላ ወደ ማታ ቤት ስትገባ የሌላ ሴት ወገብ ቢሆን አልጋ ይፈልግ ነበር፤ የሷ ግን ባልዲና ጨርቅ ነበር የሚፈልገው። ቤታችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው። ሳሎኑ ብቻ ሲሚንቶ ነው። መኝታ ቤቱ አፈር ስለሆነ በየአሥራ አምስት ቀኑ በእበት ይለቀለቅ ነበር፣ በርና መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሲደርቅ የሚሸተው እበት ሳይሆን ሣር ነው ብልሽ አታምኚኝም።

ሕጓ ብዙ ነበር፤ ለእያንዳንዱም ምክንያት ነበራት። ቤት ከላይ ወደ ታች ነው የሚጸዳው ትላለች፤ ወለል ጠርገሽ የሸረሪት ድር የምታወርጂ ከሆነ ወለሉን ለምን ጠረግሽው? ከመጥረግሽ በፊት ውሃ እርጪ፣ ግን በጣት እንጂ በጣሳ አይደለም፤ አቧራው እንዲተኛ ነው እንጂ እንዲቦካ አይደለም። የኛ አገር ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ስለሚያስቸግር በሳምንት አንዴ ሎሚ ጨምቃ ታፈላበት ነበር። የፋኖስ ብርጭቆ በአሮጌ ጋዜጣ። ፍራሽ ፀሐይ ላይ፣ የአልጋው መጋጠሚያ ላይ ደግሞ የፈላ ውሃ፤ ምክንያቱም ትኋን የሚኖረው ፍራሹ ላይ ሳይሆን እንጨቱ ውስጥ ነው። ለሲሚንቶው የሻማ ቁራጭ አቅልጣ፣ ከእሳት አውርዳ ላምባ ትቀላቅልበትና በጨርቅ ታሸዋለች። ጎረቤት ሲገባ ፊቱን ያይበት ነበር። እኔ ደግሞ ረዳቷ ነበርኩ፤ በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት ቤት የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ማታ መጥታ ጥጋ ጥጉን የምትፈትሸው እሷ ናት። አንድ ጥግ ከረሳሁ የማታ ራት አይጥመኝም ነበር።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ታመመች። ሆዷ ውስጥ እጢ አለ ተባለ፤ አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ሕክምና ይወጣ ተባለ። ይህንንም ቢሆን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። አባቴ ስገባ ያቋርጣል፣ እናቴ ስትነጋገርበት የነበረውን ትታ “ውሃ ቀድተሻል?” ትለኛለች። አንዳንዴ ወደ ኦሮምኛ ይዞራሉ፤ እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ። ግራ ይገባኝ የነበረው ቋንቋው ሳይሆን ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ነው፤ በቤታችን እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አታውቅማ።

ልትሄድ በዋዜማው የአባቴ እህት ከእንጭኒ መጣች። አዳዳ እላታለሁ፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ገበሬ ነች፤ ረጅም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ጴንጤ። ማድ ቤት ገብታ መዝሙር ከጀመረች ድስቱ ይዘምር እሷ ትዘምር አይለይም ነበር። እናቴ እስክትመለስ ቤቱንም እኔንም ልትጠብቅ ነው የመጣችው።

ጠዋት ገና በደንብ ሳይነጋ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። አባቴ ሻንጣውን ጫነ፤ እሱ አድርሷት ሊመለስ ነው። እናቴ አቅፋ የምትስመኝ፣ አይዞሽ የምትለኝ መስሎኝ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሸራ ጫማዋን እያጠለቀች “ማንቆርቆሪያውን እንዳትረሺ። ፍራሹን ቅዳሜ። ጥጋ ጥጉን” አለችኝ። ያኔ ተቀይሜያት ነበር። አሁን ሳስበው ሌላ የምትለው ነገር አፏ ላይ ስለነበረ ይመስለኛል ያን የደረደረችው። ከዚያ የፈረሱ ኮቴ ኮረኮንቹ ላይ እየራቀ ሄደ፣ እኔና አዳዳ በሩ ላይ ቆመን ቀረን።

“ኢንተላ ኮ” አለችኝ አዳዳ፤ ልጄ ማለቷ ነው። “አሁን ሰው ሊጠይቅ ይመጣል። ቤቱን ጥረጊ።”

እንዴት አድርጌ እንደጠረግኩት ብነግርሽ! እናቴ ታየኝ ይመስል ከመኝታ ቤቱ ውስጠኛ ጥግ ጀመርኩ። አልጋው ሥር ገባሁ። ደጃፉ ጋ የሸራ ጫማዋ ምልክት አፈሩ ላይ ነበር፣ የሶሉ መስመር ሳይቀር ቁልጭ ብሎ። ትዝ ይለኛል፣ እሱም ላይ በጣቴ ውሃ ረጨሁበት፣ ጠረግኩት፣ ወደ ጓሮ ጉድጓድ ወስጄ ደፋሁት። ተመልሼ ሳየው ቤቱ ያበራል። በራሴ ኮራሁ።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን መጣች። የእናቴ የልብ ወዳጅ ናት፣ እኔ እትዬ የምላት። ደጃፉ ላይ ደርሳ እርጥቡን ወለልና እጄ ላይ ያለውን መጥረጊያ ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

“ውይ በሞትኩት! ጠረግሽው? እናትሽ ገና ጊንጪ ሳትደርስ?”

ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ጊንጪ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ከአምቦ አንድ ሰዓት ያህል የምትርቅ ከተማ ናት፤ ከእኔ መጥረጊያ ጋር ምን አገናኛት? እትዬ ግን ገባችና አስረዳችኝ። መንገደኛ የወጣበት ቤት፣ መንገደኛው ካሰበበት ሳይደርስ አይጠረግም። “ዱካዋን ነው እኮ የጠረግሽው። በምኑ ተመልሳ ትምጣ?”

አዳዳ ከማድ ቤት ሰምታ ወጣች። “እትዬ፣ ይሄ የሰይጣን ወግ ነው። የሚያደርሰውም የሚመልሰውም ጌታ ነው።”

“ጌታ አይደለም ወጣኝ? ጌታ እስኪያደርሳት መጥረጊያውን ትንሽ ያዝ አድርጉ ነው ያልኩት።”

ሁለቱ እየተከራከሩ ማድ ቤት ገቡ። እኔ ሳሎኑ መሐል ቆሜ ቀረሁ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አዳዳ እንዲያ በልበ ሙሉነት ስትናገር እውነቷን ነው እላለሁ። እትዬ ደግሞ ያለ ምክንያት አልተናገረችም፤ እናቴ ሕግ ያለ ምክንያት አይደለም ብላ ነው ያሳደገችኝ፣ ይሄኛው ደግሞ ምክንያቱ ቁልጭ ያለ ነው። ዱካዋን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ውሃ የረጨሁበት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጓሮ ሄድኩ። የዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ የተሠራውን አቧራ ማፈሻችንን ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ውስጡ የትናንት አመድ አለ፣ የሽንኩርት ልጣጭ አለ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጎመን ግንድ አለ። የቱ የዛሬ፣ የቱ የትናንት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የእናቴ ዱካ አፈር ከሌላው አፈር በምን ይለያል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔም ላዩን ሁሉ አፍሼ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትኩና አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ከተመለሰች እመልሰዋለሁ ብዬ አሰብኩ። የት እንደምመልሰው አላሰብኩበትም።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ብቻውን ተመለሰ። “አልጋ የለም ተብሎ ቀጠሮ ተሰጣት” አለ። አጎቴ ቤት፣ ማለትም የወንድሟ ቤት ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። በሳምንቱ ቀጠሮው ተላለፈ፣ በሌላው ሳምንት እንደገና ተላለፈ። አባቴ ይህን ሲናገር ሁሉም “ያው አዲስ አበባ አይደል፣ ወረፋ ነው” ይላሉ። እኔ ብቻ ነበርኩ ወረፋ አለመሆኑን የማውቀው።

ያን ጊዜ መጥረግ አቆምኩ። በተጠረገው ላይ ሌላ ልጨምርበት ነው እንዴ? ጠዋት አዳዳ ስታዘኝ እሺ እልና ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ። “እጅሽን ምን ነካሽ?” ትለኛለች። መጀመሪያ ታገሰችኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በኋላ ራሷ መጥረግ ጀመረች። እሷ ደፍታ ስትመለስ እኔ ጉድጓድ እወርዳለሁ። ከረጢቱ እየከበደ ሄደ። ለማን እናገራለሁ? ለአዳዳ ብነግራት ሰይጣን አለብሽ ብላ ልትጸልይልኝ ነው። ለአባቴ ብነግረው ሚስቱን እኔ እንዳስቀረሁበት ሊያውቅ ነው።

ሠፈሩም ያወራል። እናቷ ዞር ብትል ልጅቷ ዛገች ይላሉ። በጣም ያስገረመኝ ግን እትዬ ራሷ መጥታ “ምነው ልጄ፣ ይሄ ቤት የሷ ቤት ነው? በቁሟ አዋረድሻት እኮ” ማለቷ ነው።

“አይጠረግም ብለሽ አልነበር?” አልኳት።

“እስከ ዛሬ ወጣኝ? እስክትደርስ ነው እንጂ!”

“ከተጠረገስ በኋላ ምን ይደረጋል?”

እትዬ፣ “እሱንስ እኔም አላውቅ” ብላ ሄደች። በዚያን ዕለት በትልልቅ ሰዎች ላይ የነበረኝ እምነት ተሸረፈ። ሕጉን ያወጡታል፣ ሲሰበር መጠገኛውን አያውቁትም።

ከዚያ ቁንጫው መጣ። መኝታ ቤቱ ከተለቀለቀ ወር አልፎታል፤ አዳዳ እለቀልቃለሁ ስትል እኔ በእበት ላይ አልቅሼ አስተውያታለሁ፣ ምክንያቱን ሳልነግራት። አልጋዬ ሥር ያለው ከረጢት ደግሞ ለቁንጫ ርስት ሆኖለታል። ሌሊቱን ሙሉ ስናክ እናድራለን። አባቴ መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ቢሮ ውስጥ ክራቫቱን አስሮ እግሩን በእግሩ ሲያክ ሰው አይቶ ስቆበታል አሉ። አዳዳ ተስፋ ቆረጠችና አንድ ቅዳሜ ጠዋት “ዛሬ አልጋ በሙሉ ይወጣል!” ብላ ተነሳች። የእኔን አልጋ ብድግ ስታደርገው ከረጢቱ ተገኘ።

“ማሊ ኩን? ምንድን ነው ይሄ?”

ሮጬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። አዳዳ ልታነሳኝ ሞከረች፤ እጄን አልጋው እግር ላይ ጠምጥሜ ጮህኩ። አባቴ ጢሙን ሊላጭ አረፋ ተቀብቶ ነበር፣ ምላጩን እንደያዘ መጣ።

“ምንድን ነው ያለው?” አለኝ።

“የእማዬ ዱካ ነው።”

አዳዳ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ወንድሟን አይታ ተወችው። እኔ ሁሉንም ነገርኩት። እርጥቡን ወለል፣ ጊንጪን፣ ጉድጓዱን፣ ቀጠሮው ለምን እንደተላለፈ። አባቴ ጎንበስ ብሎ የከረጢቱን አፍ ከፈት አደረገና አየው። አመድ፣ አቧራ፣ የሽንኩርት ልጣጭ። ከመዝገብ ቤት ሰው የሚጠበቅ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ “ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?” “ከሄደች ቀን” አልኩት። ፊቱ ላይ ያለው አረፋ ደርቆ ነበር። ቀና አለና “ጫማሽን አድርጊ” አለኝ።

የወሰደኝ ቴሌ ነው። የዚያን ጊዜው ቴሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ተደርድሮ ተራ የሚጠብቅበት፣ ሠራተኛዋ “አዲስ አበባ! ሁለት ቁጥር ግቡ!” እያለች የምትጣራበት ነበር። አጎቴ ቤት አጠገብ ያለ ሱቅ ስልክ ነበረው፤ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ነበር እናቴን የሚያስጠራት። ሳጥን የመሰለችው ክፍል ውስጥ ሁለታችን ተጨናንቀን ገባን። እንጨቱ ቫርኒሽና የብዙ ሰው ላብ ይሸታል። አባቴ መጀመሪያ እሱ አናገራት፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እጀታውን ሰጠኝ።

“ማንቆርቆሪያው እንዴት ነው?” አለችኝ። ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል፣ በመሐል ይንኮሻኮሻል።

“ነጭ ሆኗል።”

“ሎሚ የለም?”

“አለ።” ከዚያ መቻል አቃተኝና እያለቀስኩ የሠራሁትን ነገርኳት። ስጨርስ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሄሎ? ሄሎ?” አልኩ።

“አለሁ” አለች። ትንሽ ቆይታ ሳቀች፣ ያውም ጮክ ብላ። “ማናት እንዲህ ያለችሽ? እትዬሽ ናት አይደል? እሷ ደግሞ! ወሬ ነው የኔ ልጅ። ባምንበት እነግርሽ አልነበር? የማላምንበት ስለሆነ እኮ ነው ያልነገርኩሽ።”

“እውነት?”

“እውነት። አሁን ሂጂና ጥረጊው፣ ዛሬውኑ። ከረጢቱንም ድፊው። በቆሻሻ ቤት አልገባም ብያለሁ፤ ሰምተሻል? ውሃ እንዴት ነው የሚረጨው?”

“በጣት።”

“ለምን?”

“አቧራው እንዲተኛ ነው እንጂ እንዲቦካ አይደለም።”

“ጎበዝ። አባትሽን ስጪኝ።”

ቤት እንደደረስኩ መጥረጊያ ያዝኩ። አዳዳ አልኩሽ አይደል አላለችም። የከረጢቱን አንድ ጫፍ እሷ፣ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን ጉድጓዱ ጋ ወስደን ገለበጥነው። አቧራው ሲነሳ ሁለታችንም አስነጠሰን። ከሰዓት በኋላ እበት አቦካን፣ ለቀለቅን፣ የአልጋዎቹ መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ አፈሰስን፣ ማንቆርቆሪያውን በሎሚ አፈላነው። ያን ሌሊት ሳላክ ተኛሁ። ሦስት ቀን ቆይቶ አልጋ ተገኘላትና ቀዶ ሕክምናው ተደረገ ተባለ። “ወጣላት” አለ አባቴ፣ በሩን ሳይዘጋ እዚያው ቆሞ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከወር በላይ ቆይታ መጣች። ጋሪው ቆመ፣ አባቴ ደግፎ አወረዳት። ቀሚሷ ሰፍቷታል፣ አንገቷ ቀጥኗል። ቤቱን እንደ መስታወት አድርጌ ነበር የጠበቅኳት። ሲሚንቶው በሻማና በላምባ ታሽቷል፣ የሸረሪት ድር የሚባል የለም። ገብታ አልጋ ላይ ጋደም አለች፤ ጣሪያውን አየች። ወለሉን አላየችውም።

“እማዬ፣ ጥጉን አየሽው?”

“እ... ጥሩ ነው” አለች።

በማግሥቱ ውሃ ደፋሁ፤ ሳላውቅ ነው። ቁጣዋን ጠበቅኩ። “ተይው” አለችኝ። ማንቆርቆሪያው እንደገና ቅርፊት ሠራ፤ “ተይው።” መስኮቱ ላይ የዝንብ ምልክት አለ፣ ላጽዳው ስላት “ተይው፣ ምን ያደርጋል።” እናቴ ይህን ቃል ለቤት ዕቃ ተናግራ አታውቅም። ያ ቃል ከሆስፒታሉ ይዛው የመጣችው በሽታ መሰለኝ። ቀን ቀን አልጋ ላይ ሆና ግድግዳውን ታያለች፣ ሌሊት ስትቃትት እሰማለሁ። ሁሉም “እንኳን ደህና ተመለሰች” እያሉ ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን መመለሷን እርግጠኛ አልነበርኩም። የሚመስላትን ሰው ልከውልኝ እሷን እዚያ ያስቀሯት ይመስለኝ ነበር። ሆን ብዬ ጥግ ላይ አቧራ መተው ጀመርኩ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ በርከት አድርጌ። አንድ ሰው ጥሎ የሄደ የሚመስል የበቆሎ ቆረቆንዳ በሩ ሥር አኖርኩ። አልፋው ሄደች። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አሰላለሁ፤ ያን ከረጢት ባልደፋው ኖሮ እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ራሷ አይደለች ድፊው ያለችኝ እላለሁ።

አጨዳ ሲደርስ አዳዳ ወደ እንጭኒ ልትመለስ ተነሳች። እናቴ ያኔ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራ ነበር። ማለዳ ነው። አዳዳ ጥቅሏን በገለባ ጠቅጥቃ አሰረችው፤ የምትወስዳቸው ስድስት ብርጭቆዎች እንዳይሰበሩባት ነው፣ ከእናቴ የተሰጧት። እናቴ በሩ ድረስ ወጣችና አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፤ አፏን በአማርኛ የፈታችው እናቴ “ገለቶሚ” አለቻት፣ አመሰግናለሁ ስትል። አዳዳ እጇን እናቴ ራስ ላይ ጭና ጸለየች። ጴንጤና ኦርቶዶክስ መሆናቸው ያን ዕለት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ጋሪው ሄደ፣ እናቴም ተመልሳ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች።

ወለሉ ገለባ በገለባ ሆኗል። ትምህርት ቤት ሳልሄድ ላንሳው ብዬ ውሃ በጣሳ ቀዳሁና መጥረጊያውን ያዝኩ።

“አስቀምጪው!”

ቤቱ ተናወጠ። እናቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች፣ አንድ እጇ ቁስሏን ደግፏል፣ ዓይኗ ግን እንደ ዱሮው እሳት ሆኗል።

“ምን ልትሠሪ ነው? ሴትዮዋ ገና ጊንጪ እንኳን ሳትደርስ?”

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። “ወሬ ነው ብለሽኝ አልነበር?” አልኳት። “አላምንበትም ብለሽኝ አልነበር?”

እናቴ አየችኝ። “በራሴ መንገድ የፈለግኩትን እናገራለሁ” አለች። “በሰው መንገድ ግን አልቀልድም።”

ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ሂጂ አላለችኝም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ገለባው ላይ ስትሄድ እያየን የአዳዳን መንገድ እንቆጥር ነበር፤ “አሁን ጊንጪ ናት”፣ “አሁን አዲስ ዓለምን አለፈች”፣ “ሆለታ ላይ መኪና ካገኘች ይኸኔ ወደ እንጭኒ ትታጠፋለች።” እሷ ከተሞቹን ስትጠራ እኔ የማስበው ስለዚያ ሱቅ ነው። ሆዷን ሊከፍቷት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ የሰው ሱቅ ውስጥ ቆማ፣ ልጇ መመለሻዋን እንደጠረገችባት እየሰማች፣ ያን ያህል ጮክ ብላ ስቃ፣ ድገሚው፣ ከረጢቱንም ድፊው አለችኝ። እኔ እንቅልፍ እንዲወስደኝ። ፈርታ ነበር ወይ ብዬ ያን ዕለት አልጠየቅኳትም፣ ከዚያም በኋላ አልጠየቅኳትም። ዓመታት ነበሩን፤ አሁን ግን ካረፈች ቆይቷል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ በረጅሙ ተነፈሰችና “አሁን ደርሳለች” አለች። ቀጥላም፣ በዚያ በምፈራው፣ በዚያ በናፈቀኝ ድምፅ፣ “ተነሺና ጥረጊ። ደግሞ ጥጋ ጥጉን እንዳትዘልዪ፤ በሩ ሥር ያለውን ቆረቆንዳ የማላየው መስሎሽ ነው?” አለችኝ።

መጥረጊያውን አነሳሁ። ከአልጋዋ ሥር ገባሁና፣ የምጠርግ መስዬ፣ እንዳትሰማኝ እዚያው አለቀስኩ።